ጓደኛን "ማፍዘዝ"፦ ሂፕኖቲዝምን ከስልክ ተምራችሁ ለምትሞክሩ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከደምበጫ አካባቢ በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ የለመድኳቸው ናቸው፤ ጨጓራ፣ ደም ግፊት፣ ማድያት፣ የወር አበባ መዛባት። ሰሞኑን ግን ሌላ ዓይነት ጥያቄ ተደጋገመብኝ። "ዶክተር፣ ሂፕኖቲዝም የሚባለው ነገር እውነት ነው?" "ከዩቲዩብ አይቼ ዶርም ውስጥ ጓደኛዬን አፍዝዤዋለሁ፤ አእምሮው ላይ ጉዳት ያመጣል እንዴ?" "ከአፍዝ አደንግዝ በምን ይለያል?" አንዱ ደግሞ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ "ከቡሬ ወጣ ብሎ ገጠር ያለች የአክስቴ ልጅ እየወደቀች ትንዘፈዘፋለች። ሂፕኖታይዝ ማድረግ እንደምችል ቤተሰቡ ሰምቶ 'ና እስኪ ሞክርላት' እያሉኝ ነው። ልሂድ?"

ለዚህኛው ልጅ መልሱን አላቆየውም። ሂድ። ግን ልታፈዛት ሳይሆን ጤና ጣቢያ ልታደርሳት ሂድ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ወረድ ብዬ በሰፊው እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ይሄ በእጃችሁ የያዛችሁት ነገር ምን እንደሆነ እንይ።

ኃይሉ ያለው ማን ጋ ነው?

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ፍራንዝ አንቶን ሜስመር የሚባል ሐኪም መጀመሪያ ቪየና፣ ቀጥሎ ፓሪስ ውስጥ ስሙ ገነነ። ማግኔት የሚመስል የማይታይ ኃይል አለ፣ እኔ ወደ በሽተኛው አስተላልፈዋለሁ ይል ነበር። ሰዎች ፊቱ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ ይወድቃሉ፤ ሲነቁ "ተሻለኝ" ይላሉ። በ1784 የፈረንሳዩ ንጉሥ ነገሩን የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋመ። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የኬሚስትሪው ሊቅ ላቮዚየ ከአባላቱ መካከል ነበሩ።

ካደረጓቸው ሙከራዎች አንዱን በጣም እወደዋለሁ። በፍራንክሊን ግቢ ካሉት ዛፎች መካከል አንዱ ላይ የሜስመር ተከታይ የሆነ ሐኪም "ኃይሉን" እንዲያሳድርበት አደረጉ። ከዚያ የ12 ዓመት ልጅ ዓይኑን ሸፍነው ከዛፍ ወደ ዛፍ ወሰዱት። ልጁ አራተኛው ዛፍ ጋ ሲደርስ ራሱን ስቶ ወደቀ። ችግሩ፣ ኃይል ያደረበት ዛፍ ያ አልነበረም! ሌላ፣ ራቅ ብሎ ያለ ዛፍ ነበር። ኮሚሽኑም ሰውን የሚጥለው ዛፉም ሜስመርም ሳይሆን የሰውየው የራሱ ምናብ ነው ብሎ ደመደመ። "አሁን ልወድቅ ነው" ብሎ መጠበቁ በቂ ነው ማለት ነው።

ወደ 60 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1841፣ ጄምስ ብሬድ የተባለ ማንችስተር የሚሠራ ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም አንድ ፈረንሳዊ በመድረክ ላይ ሰዎችን ሲያፈዝ አየ። ማጭበርበሩን አጋልጣለሁ ብሎ ነው የሄደው። ተመራምሮ ያገኘው ግን ሰዎቹ በእርግጥ እንደሚፈዙ፣ የሚፈዙት ግን ከአፍዛዡ በሚወጣ ኃይል ሳይሆን ዓይናቸውንና ሐሳባቸውን አንድ ነገር ላይ አጥብቀው ስለሚተክሉ መሆኑን ነው። በ1843 መጽሐፍ አሳተመ፤ "ሂፕኖቲዝም" የሚለው ስም የተለመደውም ከእሱ በኋላ ነው። ስሙ የመጣው እንቅልፍ ከሚል የግሪክ ቃል ነው። በኋላ ብሬድ ራሱ እንቅልፍ አለመሆኑን ስለተረዳ ስሙን ሊቀይረው ሞከረ፤ ግን ሰው ለምዶት ነበር፣ አልሆነለትም።

እንግዲህ ዶርም ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። "ይቺን ነጥብ እያት… ዓይንህ እየከበደ ነው… ከ10 ወደ 1 ስቆጥር ሰውነትህ ይዝላል።" ጓደኛህ የሚፈዘው አንተ የተለየ ዓይን ስላለህ ሳይሆን፣ እሱ ሐሳቡን የመሰብሰብና ለተባለው ነገር ራሱን የመስጠት ችሎታ ስላለው ነው። ይሰማሃል፣ ያውቅሃል፣ የማይፈልገው ነገር ከመጣ ተነስቶ መሄድ ይችላል። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከ10 ሰው አንዱ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ በጣም በቀላሉ ይፈዛል፤ የዚያኑ ያህል ሰው ደግሞ ምንም ብትለው አይፈዝም። ሌላው መሐል ላይ ነው። የመድረክ ሰዎች መጀመሪያ "እጃችሁን አቆላልፉ፣ አሁን አይላቀቅላችሁም" ብለው ሕዝቡን የሚፈትኑት ያንን አንዱን ለመምረጥ ነው። እኛ የምናየው ቪዲዮ ደግሞ ከተመረጡትም የተመረጡት ናቸው፤ ያልፈዙት ተቆርጠው ቀርተዋል።

እና ጉዳት አለው ወይ ላላችሁ፦ ጤነኛ፣ ፈቃደኛ የሆነ፣ ተቀምጦ ያለ ጎልማሳ ለጥቂት ደቂቃ ቢፈዝ አእምሮው አይበላሽም። "ሳይነቃ ቢቀርስ?" ለሚለውም፣ ዝም ብላችሁ ብትተዉት ወይ ራሱ ይነቃል፣ ወይ እንቅልፍ ወስዶት ተኝቶ ይነሳል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። የፈዘዘ ሰው ወደምትጠብቅበት ቦታ ይሄድልሃል። ይህን ለመረዳት ፓሪስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ሌባሻይ

ትልልቅ ሰዎች ያስታውሱታል ወይም ከአባቶቻቸው ሰምተውታል። ድሮ ዕቃ ሲጠፋ ሌባሻይ ይጠራ ነበር። ሌባሻዩ አንድ ትንሽ ልጅ ይዞ ይመጣል። ልጁ ከዕፅ የተቀመመ ነገር ይጠጣል ወይም ጭስ ይስባል፤ ከዚያ ይፈዛል። ወገቡ በገመድ ወይም በጨርቅ ታስሮ፣ ሌባሻዩ ጫፉን ከኋላ ይዞ፣ ልጁ እየተንገዳገደ በየመንደሩ ይሄዳል፤ ሕዝቡ ይከተላል። ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ተከራክሮ አይረታም፤ ይከፍላል፣ ይቀጣል። የውጭ ተጓዦች አይተው ጽፈውታል፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባም ውስጥ ይሠራበት ነበር። በኋላ በመንግሥት ተከልክሎ ቀረ።

አሁን ልጁን ከፍራንክሊን ግቢው ልጅ ጋር አስተያዩት። አንዱ ዛፍ ሥር ወደቀ፣ አንዱ ሰው ቤት ወደቀ። የሌባሻዩ ልጅ ግን ብቻውን አልነበረም። ገመዱን የያዘ ትልቅ ሰው አለ። ያ ሰው የመንደሩን ሐሜት ሰምቷል። የሚከተለው ሕዝብ ደግሞ በልቡ የጠረጠረው ሰው አለው፤ ልጁ ወደዚያ ደጃፍ ሲጠጋ ጸጥ ይላል፣ ሲርቅ ያጉረመርማል። የፈዘዘ ልጅ ይቺ ትበቃዋለች። ማንም ውሸታም ሳይሆን፣ ማንም ሳያውቀው፣ መንደሩ የጠረጠረው ደሃ ወይም መጤ ቤት ደጃፍ ላይ ልጁ ይወድቃል።

ይህን ያነሳሁት ታሪክ ለማውራት ብቻ አይደለም። "ስልኬ ተሰርቋል፣ አጠገቤ የነበረችውን ጓደኛዬን ሂፕኖታይዝ ባደርጋት ማን እንደወሰደው ታስታውሳለች?" የሚል ጥያቄ ደርሶኛል። አታስታውስም። በሂፕኖሲስ ላይ ከተደረጉት ጥናቶች ሁሉ በጣም የሚያስደነግጠው ይሄ ነው፦ የፈዘዘ ሰው ብዙ ዝርዝር ይናገራል፣ በልበ ሙሉነት ይናገራል፣ ግን ትክክል የመሆን ዕድሉ አይጨምርም። ስህተቱን ሳይቀር ከነቃ በኋላ እንደ እውነተኛ ትዝታ ይዞት ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ፍርድ ቤቶች በሂፕኖሲስ "የታደሰ" ምስክርነትን የማይቀበሉት ወይም የሚገድቡት ለዚህ ነው። ስለዚህ "ያየኸው ሰው ረጅም ነው አጭር?" ብለህ ስትጠይቅ ገመዱን የያዝከው አንተ ነህ።

አስተናግርና አብሾ

ሌባሻይን ካነሳን ዕፁን ዝም ብለን አናልፍም። በየመንገዱ ዳር፣ በየቆሻሻ መጣያው፣ በየአሮጌው በረት አጠገብ የሚበቅል፣ ነጭ የመለከት ቅርጽ ያለው አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው ተክል ታውቃላችሁ፤ አስተናግር። አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ። ውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ሁለቱም በሐኪም እጅ፣ በሚሊግራም ተለክተው መድኃኒት ናቸው። ከሜዳ ሲለቀም ግን አንዱ ፍሬ ከሌላው ፍሬ እኩል መርዝ አይዝም፤ ትናንት ያልጎዳው መጠን ዛሬ ሊገድል ይችላል።

በእኛ አካባቢ ይህ ዕፅ ሌላም ስም አለው፣ ብዙ ጊዜ አብሾ የሚሠራው ከእሱ ነው ይባላል። በቅኔ ቤት "አብሾ የጠጣ ተማሪ የሰማውን አይረሳም" ሲባል ያላደገ የጎጃም ልጅ ያለ አይመስለኝም። ቅኔ ቆጥረው፣ ዜማ ወጥተው ያን ሁሉ በቃላቸው የያዙ ሊቃውንት የያዙት በድካማቸውና በሌሊት ጥናታቸው ነው እላለሁ፤ ክብሩን ለዕፅ አልሰጥም። ምክንያቱም አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚከለክሉት አንጎል ለማስታወስ የሚጠቀምበትን ኬሚካል ነው። እንዲያውም ስኮፖላሚን ሳይንቲስቶች በሙከራ ላይ ጊዜያዊ የመርሳት ችግር ለመፍጠር ሲፈልጉ የሚሰጡት ነገር ነው!

አሁን ይህ ከሂፕኖቲዝም ጋር ምን አገናኘው? አንዳንድ ልጆች ጓደኛቸው አልፈዝ ሲላቸው "ትንሽ ነገር" አረቄ ውስጥ ጨምሮ መስጠት ያስባሉ። ይሄ ሂፕኖሲስ አይደለም፣ መመረዝ ነው። አንድ ሰው አፉ ደርቆ፣ ቆዳው ግሎና ደርቆ፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ፣ ልቡ በፍጥነት እየመታ፣ ሽንት እምቢ ብሎት፣ የሌለ ሰው እያናገረ ወይም አየር ላይ የሆነ ነገር እየለቀመ ካያችሁ "ተለክፏል" እያላችሁ ሰዓት አታቃጥሉ። በቀጥታ ሆስፒታል። የተክሉ ቅሪት ካለ ይዛችሁ ኑ፤ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው። ለማስመለስ ብላችሁ ወተትም ሆነ ሌላ ነገር አታጠጡት።

አፍዝ አደንግዝስ?

መንገድ ላይ ሰላም ብለውት፣ ሁለት ቃል ተናግረው፣ ወርቁንና ስልኩን በገዛ እጁ አስረክቦ "ምን እንደነካኝ አላውቅም" የሚል ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ሕዝቡ የደብተራ አፍዝ አደንግዝ ይለዋል፤ ወጣቱ አሁን "ሂፕኖታይዝ አደረጉኝ" ማለት ጀምሯል።

በ1960ዎቹ ማርቲን ኦርን የተባለ የአእምሮ ሐኪምና ፍሬደሪክ ኢቫንስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ አንድ ነገር ሞከሩ። የፈዘዙ ሰዎችን "ይህን አደገኛ እባብ አንሣ"፣ "ይህን አሲድ ሰው ፊት ላይ ድፋው" አሏቸው። አብዛኞቹ አደረጉት! (በእርግጥ ማንም እንዳይጎዳ በስውር ተዘጋጅቶ ነበር።) ሂፕኖሲስ ሰውን ወንጀለኛ ያደርጋል ልትሉ ነው። ቆዩ። ሳይፈዙ የፈዘዙ መስለው እንዲያስመስሉ የተነገራቸው ሰዎችም እኩል አደረጉት። ለምን ሲባሉ፣ "ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰው እንዲጎዳ አይፈቅዱም ብለን አምነን ነው" አይነት መልስ ነው የሰጡት። ያሠራቸው ፍዘቱ ሳይሆን አመኔታው ነው።

የመንገድ ሌባም የሚሠራው በዚህ ነው። ያቻኩላል፣ ሁለት ሰው ሆኖ በሁለት በኩል ያወራል፣ የታመመ ሰው ወይም የወደቀ ወርቅ ያሳያል፣ ርኅራኄን ወይም ጉጉትን ይቀሰቅሳል፣ "ለማንም እንዳትናገሪ" ይላል። ማሰቢያ ጊዜ የተነጠቀ ሰው ፈዝዞ ሳይሆን ተወናብዶ ይሰጣል። በኋላ ሲያስበው ለራሱም ስለማይገባው "አፈዘዙኝ" ይላል። ይህን የምለው የተዘረፈን ሰው ለመውቀስ አይደለም፤ እናቴም፣ ፕሮፌሰርም ይወናበዳሉ። ግን የተሰጣችሁን ነገር በልታችሁ ወይም ጠጥታችሁ ከሆነና ሰዓታት ጨርሶ ከትዝታችሁ ከጠፉ፣ ያ ዕፅ ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላልና ፖሊስ ብቻ ሳይሆን ሐኪምም ጋ በዚያው ዕለት ሂዱ።

በሕክምናው ዓለም

እንዲህ ስል ሂፕኖሲስ ተራ ወሬ ነው ማለቴ አይደለም። ክሎሮፎርምና ኤተር ከመለመዳቸው በፊት ጄምስ ኤስዴይል የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም በ1840ዎቹ ሕንድ ውስጥ በዚህ መንገድ እያፈዘዘ ከባድ ቀዶ ጥገናዎች አድርጓል። የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር በ1955 ጠቃሚነቱን ተቀብሎታል። ዛሬ በተሻለ ማስረጃ የሚታወቀው ሕመምን በማስታገስ፣ ጥርስ ከመነቀል ወይም ቁስል ከመታጠብ በፊት ፍርሃትን በመቀነስ፣ እንዲሁም አንጀትን በሚያውክ የቆየ ቁርጠትና መነፋት ላይ ነው። ለዚህ የመጨረሻው፣ በ1984 ማንችስተር ውስጥ 30 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት መንገድ ከፋች ነበር፤ ሌላ መድኃኒት እምቢ ያላቸው ሰዎች በሂፕኖሲስ ግልጽ መሻሻል አሳዩ።

ልብ በሉ፣ በእነዚህ ሁሉ መጀመሪያ በሽታው በምርመራ ታውቋል። የሚያፈዘውም ሰው ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፤ ቁርጠቱን ሊያስታግስ ብሎ ትርፍ አንጀትን እንዳይሸፍን ያውቃል። አንተ የጓደኛህን ራስ ምታት "ሦስት ስቆጥር ይጠፋል" ብለህ ብታጠፋው ሕመሙን ነው እንጂ ምክንያቱን አላጠፋኸውም። ማጅራት ገትርም ወባም በራስ ምታት ነው የሚጀምሩት።

ስለዚህ በትርፍ ጊዜ ለምትሞክሩ፣ የማልደራደርባቸውን ልንገራችሁ። "ወደ ልጅነትህ ተመለስ"፣ "ያ ቀን ምን ሆነ?" የሚባል ጨዋታ የለም። በአካባቢያችን ባለፉት ዓመታት ስንቱ ሰው ምን እንዳየ፣ ማንን እንደቀበረ ታውቃላችሁ። አንዱን የተዘጋ በር ከፍታችሁ ልጁ መጮህና መንቀጥቀጥ ቢጀምር መዝጊያውን አታውቁትም። ድምፅ የሚሰማው፣ "ይከታተሉኛል" የሚል፣ የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው አትንኩ። የጠጣን ሰው አትንኩ። ልጆችን አትንኩ፤ እንግሊዝ ውስጥ እንኳ በመድረክ ትርኢት ላይ ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው ማፍዘዝ በሕግ ክልክል ነው። ወንድ ሆናችሁ ሴትን በተዘጋ ክፍል ብቻችሁን አታፍዝዙ፤ እሷ የምታምናት ሌላ ሰው አብራ ትሁን። የቆመን ሰው "ውደቅ" አትበሉ፣ የወንበር ጠርዝና የሲሚንቶ ወለል ሂፕኖታይዝ አይደረጉም። ቪዲዮ ቀርፆ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ደግሞ ከመጀመሪያው ልጁን ጠይቃችሁ፣ ከነቃ በኋላም ደግማችሁ ጠይቃችሁ ካልሆነ አይሞከርም። "እጅህ አይታጠፍም" ያላችሁትን ነገር ሁሉ ከማንቃታችሁ በፊት "አሁን እጅህ እንደ ድሮው ነው" ብላችሁ አንሡ። ገንዘብ ተቀብላችሁ "አድናለሁ" ማለት ከጀመራችሁ ግን ጨዋታው አልቋል፤ ያለ ፈቃድ ማከም በሕግ ያስጠይቃል።

ወደ ልጅቷ

"እየወደቀች ትንዘፈዘፋለች" ማለት ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው የሚጥል በሽታ ነው። ይህ የአንጎል በሽታ ነው፣ የአንጎል የኤሌክትሪክ ሥርዓት ለአፍታ ሲዛባ የሚመጣ። ብርቅም አይደለም፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ገጠር ውስጥ ቤት ለቤት ዞረው በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከ1000 ሰው 5 ያህሉ እንዳለባቸው አግኝተዋል። ሁለተኛው፣ ከከባድ ጭንቀትና ከታፈነ ሐዘን የሚመጣ፣ የሚጥል በሽታን የሚመስል መውደቅ ነው። ያለ ዕድሜ ጋብቻ የታሰበላት፣ ትምህርት ያቋረጠች፣ የሚያስፈራ ነገር የደረሰባት ልጅ ላይ እናየዋለን። ይሄም ማስመሰል አይደለም፤ ልጅቷ አትቆጣጠረውም። በገጠሩ ዛር፣ ቡዳ ወይም ልክፍት የሚባለው ከሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ፦ የስኳር መጠን መውረድ፣ የማጅራት ገትር ጠባሳ፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ የደም ግፊት።

ችግሩ ይኸውልህ፦ አንተ ብታፈዛት፣ ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ፊትህ ወድቃ ልትንዘፈዘፍ ትችላለች፣ ልክ ዛፉ ሥር እንደወደቀው ልጅ። ከዚያ "ተነሽ" ስትላት ልትነሣም ትችላለች። መንደሩ "አዳናት!" ይላል። በማግስቱ ሌላ የወደቀ ልጅ ያመጡልሃል፤ እሱ ደግሞ የሚጥል በሽታ ያለበት ይሆናል፣ መድኃኒቱንም "አያስፈልገውም" ብለው ያስቆሙታል። መድኃኒት በድንገት ያቆመ የሚጥል በሽታ ታማሚ ሳያቋርጥ ሊንዘፈዘፍና ሊሞት ይችላል። በገጠር ቤት ደግሞ ምድጃው ክፍት ነው፤ እሳት ላይ ወድቀው የተቃጠሉ፣ ውኃ ሊቀዱ ወርደው የቀሩ አሉ።

ስለዚህ የምትሠራው ትልቅ ሥራ አለህ፣ ያውም ስልክህ የሚጠቅምበት። ስትወድቅ አጠገቧ ካለህ (ቤተሰቡ ከፈቀደ) ቪዲዮ ቅረፃት፣ ለሐኪሙ ብቻ የሚታይ። ስንት ደቂቃ እንደቆየ ያዝ። ዓይኗ ክፍት ነበር ወይስ ተጨፍኖ? ምላሷን ነክሳለች? ሽንት አምልጧታል? ስትነቃ ግራ ተጋብታ ነበር? እንቅልፍ ውስጥ እያለችስ ይመጣባታል? ይህን ይዘህ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ሆስፒታል ውሰዳት። የሚጥል በሽታ ከሆነ ፊኖባርቢታል የሚባለው ርካሽ ክኒን ብዙ ሰው ከመውደቅ ገላግሏል። ከጭንቀት የሚመጣው ከሆነም ሕክምናው ንግግር፣ ጊዜና ያስጨነቃትን ነገር ማቃለል ነው።

ቤተሰቡ ጠበል መውሰድ ከፈለገ አትጣላቸው። ጠበሉም ክኒኑም አብረው ይሄዳሉ፤ አዲስ አበባ እንጦጦ ላይ የአእምሮ ሐኪሞችና አጥማቂ አባቶች አብረው የሠሩበት ልምድ አለ። አክስትህን "ክኒኑን ሳታቋርጥ ትጠመቅ" ብለህ በአክብሮት ብታስረዳቸው ይሰሙሃል። አንተን ስላመኑህ አይደል የጠሩህ?

ስትንዘፈዘፍ ደግሞ፦ ከእሳትና ከድንጋይ አርቋት፣ ጭንቅላቷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርግ፣ መንዘፍዘፉ ሲቆም በጎኗ አስተኛት። አፏ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገባ። ክብሪት አታሽትታት፣ እጅ እግሯን አትያዝ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከተደጋገመባት መኪናም ሆነ ባጃጅ፣ ያገኘኸውን ይዘህ ብረር።

ለመማር ለምትፈልጉ

ይህን ሁሉ ሰምታችሁም ነገሩ ከሳባችሁ (እኔንም ይስበኛል)፣ ማንንም የማይጎዳ አንድ መንገድ አለ፤ ራሳችሁን ማፍዘዝ። ለፈተና ጭንቀትና ለእንቅልፍ ማጣት ጥሩ ነው። መኪና እየነዳችሁ ወይም ምድጃ ላይ ነገር ጥዳችሁ ግን አይሆንም።

ወንበር ላይ ተደግፋችሁ ተቀመጡ፣ ስልኩን ድምፁን አጥፉት። ግድግዳው ላይ ከዓይናችሁ ትንሽ ከፍ ያለች ነጥብ ምረጡና እያያችኋት በዝግታ ተንፍሱ፤ ማስወጣቱ ከማስገባቱ ይርዘም። ዓይን ሲከብድ ጨፍኑት። ከእግር ጣት ጀምራችሁ እስከ ግንባር አንድ በአንድ አላሉት። ከዚያ ከ10 ወደ 1 ቁጠሩ፣ በየቁጥሩ የምታውቁትን ደረጃ አንድ እርምጃ እንደምትወርዱ አስቡ። ታች ስትደርሱ ለራሳችሁ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ንገሩ፣ በአዎንታ የተነገረ፦ "ወረቀቱን ስገለብጥ ትንፋሼ ይረጋጋል።" "አልፈራም" አትበሉ፣ "ፍርሃት" የሚለውን ቃል ራሳችሁ ናችሁ የምትጠሩት። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሙት። ለመንቃት ከ1 እስከ 5 ቁጠሩ፤ 3 ላይ ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ፣ 5 ላይ ዓይናችሁን ግለጡ፣ ተንጠራሩ፣ ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ቁጭ በሉ። ለእንቅልፍ ብላችሁ አልጋ ላይ ሆናችሁ ከሆነ ወደ ላይ መቁጠሩን ተዉት።